ዳማው አልጣላትም

በ2002 ዓ.ም. ክረምት፣ በፍልሰታ ጾም፣ የልጄን ቀኝ እጅ ሰበርሁ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። የነፍስ አባቴ በየጾሙ ሲጠይቁኝ ቁጣዬን፣ ሐሜቴን፣ ያረፈድሁበትን ቅዳሴ ሁሉ ነግሬያቸዋለሁ። ይህን ግን አስቀርቻለሁ።

የማርያም ማኅበር ተራዬ ደርሶ ነበር። ቤቴን በነጭ አፈር ለቅልቄ፣ ከቅዳሴ መልስ ለጠላው ጌሾ እወቅጣለሁ። ወደ ውስጥ ዘለቅ ስል የሺ፣ የአሥራ ሦስት ዓመቷ ልጄ፣ ግድግዳውን በከሰል ሞልታዋለች። ውኃ ነው። ባሕር አይታ አታውቅም፤ የምታውቀው ከእንጅባራ አጠገብ ያለውን የዘንገናን ሐይቅ ብቻ ነው። እሱ ግን እንዲህ አይነሣም። ይህ የቤት ቁመት የሚያህል ማዕበል ነበር።

«ምን አደረግሽ አንቺ!»

«እማ፣ ቆይ፣ አልጨረስሁትም።»

ዘነዘናው በእጄ ነበር። ስሰነዝር ፊቷን አልከለለችም። እጇን ዘርግታ ሥዕሉን ከለለች። እኔም የተዘረጋውን እጅ መታሁ። አንድ ጊዜ ቢሆን አመለጠኝ እል ነበር። ሦስት ጊዜ መታሁ። አጥንቱ ሲሰበር ሰምቻለሁ፤ ሦስተኛውን የመታሁት ከሰማሁ በኋላ ነው። ምን ነበር ያስፈራኝ? የማኅበር ሴቶች ምን ይሉኛል ነው። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጣሁ።

ወጌሻው እጇን በቀርከሃ ሲያስር ባሌ ከእርሻ ገባ። «ምን ሆነች?» አለ። እሷ አፏን ሳትከፍት «ዳማው ጣላት» አልሁ። ግቢ የሚግጠው ፈረሳችን ነው። በእኛ አገር ከፈረስ ወደቀች ቢባል ማን ይጠራጠራል? የሺ አየችኝ። ከዚያ «አዎ አባ፣ ዳማው ነው» አለች።

ባሌ ዳማውን ከባሕር ዛፉ ጋር አስሮ፣ ደሙ በእግሩ እስኪወርድ በአለንጋ ገረፈው። ያ ፈረስ ልጆቼን በጀርባው ያሳደገ ነው። ደጃፍ ቆሜ አየሁ። «ተው፣ እኔ ነኝ» ማለት ስንት ቃል ነው? አላልሁም።

ዛሬ የሺ ባሕር ዳር የምትኖር ሠዓሊ ናት። ባሕርና ተራራ ትሥላለች፤ በግራ እጇ። ቀኟ ብሩሽ አይጨብጥም። አንድ ቀን በቴሌቪዥን «ግራኝ ነሽ እንዴ?» ብለው ጠየቋት። «ኧረ የለም፣ ልጅ ሳለሁ ፈረስ ጥሎኝ ነው» ብላ ሳቀች። ጎረቤቶቼ እልል አሉ። እስከ ዛሬ ትሸፍነኛለች።

ግራ እጇን ያተረፈላትን አምላክ አመሰግናለሁ። ያተረፍሁላት እኔ አይደለሁም፤ ያን ቀን ግራዋን ዘርግታ ቢሆን ግራዋን እሰብረው ነበር።

እናንተ እዘኑልኝ አልልም። ተናድጄ ነው አልልም። የተናደደ ሰው ሲነጋ ይበርድለታል፣ ያለቅሳል። እኔ በማግስቱ ጠዋት ማዕበሉን በነጭ አፈር ለቀለቅሁት። ከዚያ ዘነዘናውን አጥቤ የቀረውን ጌሾ ወቀጥሁ።