አልነሳ ያለው የአባቴ ሞተር

አባቴ ወደ ወንዛዬ ፍል ውሃ ሲሄዱ ትተውልን የሄዱት ትእዛዝ አጭር ነበር። «ቅዳሜ የብረት ገዢው ሲመጣ ሞተሩን ስጡት። እኔ እንደሁ አርጅቻለሁ» አሉና አዲሱን ምርኩዛቸውን ተደግፈው ወጡ። እናቴ ደውላ ስትነግረኝ እኔ በንዴት ጨስኩ። የሩዝ ገበሬውን የውሃ ፓምፕ እየፈታሁና እየገጠምኩ ወረታ ላይ እንጀራዬን የምበላ ሴት የገዛ አባቴን ሞተር ለቁርጥራጭ ብረት ላስረክብ? ሥራዬን ዘግቼ ቁሐር ሚካኤል፣ ወላጆቼ ቤት ገባሁ።

ሞተሩ እንደሌሎቹ ሞተር ብስክሌቶች አይደለም። በድንጋይና በገደል ላይ ለሚደረግ ውድድር የተሠራ፣ ቀጭን፣ ከመሬት ከፍ ያለ፣ መቀመጫው ለስሙ ያህል የተለጠፈበት አሮጌ ነገር ነው። አባቴ አንድ ፕሮጀክት ሲዘጋ ገዙትና የከብት ክትባት ሠራተኛ ሳሉ ፎገራን በእሱ አዳረሱት። የሚነዱት ቆመው ነው። ልጅ ሆኜ ከሩዙ በላይ ከወገባቸው ብቅ ብለው ሲመጡ ሳይ፣ በአገሩ እንደሳቸው ረጅም ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር።

ባለፈው ክረምት ውሃው ግቢያችን ድረስ ስለገባ ሞተሩን ቆጥ ላይ ሰቀሉት። ውሃው ሲጎድል አወረዱትና አባቴ ረገጡት። አልነሳም። ጉልበታቸው እስኪያብጥ ረገጡት። በመጨረሻ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጡና «እሱ ምን ያድርግ፣ እግሬ ነው የከዳኝ። ድሮ በአንድ ርግጫ ነበር» አሉ። ከዚያ ወዲህ እርጅናው በአንድ ጊዜ ተጫናቸው። ያንገበገበኝ ብረቱ አልነበረም፤ አባቴ በዚህ ምክንያት ማርጀታቸው ነው።

መጀመሪያ የማስነሻውን መርገጫ ሞከርኩት። ግማሽ ድረስ ይይዝና ይሸራተታል። «አገኘሁህ» አልኩት። ጎኑን ስከፍተው ዘይቱ እንደ ማር ወፍሯል፣ ጥርሶቹን የሚያገናኘው ስፕሪንግም ተጣብቋል። አጠብኩት፣ ዘይቱን ቀየርኩ፣ መልሼ ገጠምኩ። አሁን መርገጫው ነክሶ ያዘ፤ እኔም ደስታዬ ልክ አጣ። ረገጥኩት። ምንም የለም።

እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ ፈትቼ ከብረቱ አስጠጋሁና መርገጫውን በእጄ ገፋሁት፤ ሰማያዊ ብልጭታ ቦግ አለ። ነዳጁን ከአየር የሚቀላቅለውን ካርቡራተር አወረድኩና ዝቃጩን ጠረግሁ። ይህ ዓይነቱ ሞተር እንደሚፈልገው አዲስ ቤንዚን ከዘይት ጋር በጠበጥኩ። እሳት አለ፣ ነዳጅ አለ፣ ታዲያ ምን ቀረህ? ደግሜ ስረግጠው አንዴ እህ ብሎ አሳለና ቤንዚኑን በካርቡራተሩ በኩል ፊቴ ላይ ተፋብኝ። በዚያች ሳል የተደሰትኩትን መደሰት! የሚያስል ሞተር አልሞተም።

እናቴ ከጎተራው ሥር ሩዝ እያበጠረች ታየኛለች። «ተይው ልጄ፣ አንችም እንዳባትሽ እግርሽን ትሰብሪያለሽ።»

እኔ ግን እያሰብኩ ነበር። ትንፋሹ በገባበት ከተመለሰ መውጫው ምን ሆኗል? አንድ እጄን ጭስ በሚወጣበት በማርሚታው ጫፍ ላይ አድርጌ በሌላው መርገጫውን ገፋሁ። ምንም ነፋስ አልነካኝም። ጎንበስ ብዬ ጥቀርሻውን ስጠርገው፣ ጭስ መውጫው ጥርቅም ተደርጎ ተደፍኗል፤ በአውራ ጣት ተለስልሶ፣ የጣቱ ምልክት ሳይቀር ይታያል።

«እማ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

መጥታ አየችው። «እሱማ እበት ነው። በክረምቱ ጎተራውን ስመርግ እሱንም መረግሁት። ውሃ እንዳይገባው፣ አይጥም እንዳትወልድበት ብየ።»

«ለአባባ ነግረሻቸዋል?»

«ምኑን እነግራቸዋለሁ? ጎተራስ እህል ሲፈለግ አፉ ተከፍቶ አይደል? ይሄን የማያውቅ አለ?»

መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። እሷ ግን አልሳቀችም። «እንግዲያ ያን ሁሉ ሲረግጡ…» አለችና በነጠላዋ አፏን ያዘች።

እበቱን በሽቦ ጎረጎርኩት፤ ግማሹ ወጣ። የቀረው፣ መርገጫውን ስረግጠው፣ እንደ ጥይት ተፈናጥሮ የከብቶቹ በረት ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ሞተሩም ጮኸ። ግቢው በሰማያዊ ጭስ ተሞላ፣ ላሞቹ ገመዳቸውን ወጠሩ፣ እናቴ እልል አለች፤ እኔም አብሬያት አቀለጥኩት።

ቅዳሜ የብረት ገዢው መጥቶ የሞተሩን ድምፅ ሲሰማ እየሳቀ ተመለሰ። ከእሱ በኋላ አባቴ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቀስ እያሉ ደረሱ። ሞተሩን አጥፍቼ አቆምኩላቸው። እናቴ ቀድማኝ ሄደችና «እግርዎ ደህና ነበር። እኔ ነኝ አፉን የመረግሁት» አለቻቸው።

አባቴ ማርሚታውን አዩ። ጉልበታቸውን አዩ። ይቆጣሉ ብዬ ስፈራ ምርኩዙን አጥሩ ላይ አስደገፉና ወደ ሞተሩ ሄዱ። በአንድ ርግጫ ተነሳ።

«እግሬ አልነበረማ» አሉ። ድምፃቸው በሞተሩ ጩኸት ተዋጠ፤ ከንፈራቸውን አይቼ ነው የገባኝ። ጋቢያቸውን ሳያወልቁ ወጡበትና፣ እናቴ «ኧረ ጉልበትዎን!» እያለች ስትከተላቸው፣ ቆመው በሩዙ መሀል ገሠገሡ። እኔም ከወገባቸው በላይ እየታዩ እስኪርቁ ድረስ እንደ ልጅነቴ ቆሜ አየኋቸው።

ምርኩዙ እዚያው አጥሩ ላይ ቀረ። ሲመለሱም ስለ እሱ አልጠየቁም።