በዳገቱ ሥር የምትጠቅስ መብራት

ሳኪዩሳ በሩቅ ደሴት ላይ፣ በናይታሲሪ ተራሮች መካከል ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰውና ጭነት ያመላለሰ ሾፌር ነው። ታሮ የሚሉትን የሚበላ ሥር፣ ካቫ የሚሉትን የመጠጥ ሥር፣ አሳማውን፣ ሙሽራውንም ሬሳውንም በፒካፑ ወደ ዋና ከተማው ወደ ሱቫ አውርዷል። መኪና ሲታመም ከድምፁ ያውቃል ይሉታል፤ እውነትም ያውቃል። ሰውን እምቢ ማለት ግን አልፈጠረበትም። በአገሩ ይህ እንደ ጉድለት አይቆጠርም። ዘመድ መጥቶ "ኬሬኬሬ" ብሎ ከለመነህ የለመነህን ትሰጣለህ፤ ከሰጠህ በኋላ ደግሞ አታነሳውም። ለእኔ ግን ደግነትም ልክ አለው፤ ልክ ሲያጣ ምን እንደሚያደርግ የዚያን ዕለት ታይቷል።

የዚያን ዕለት ጠዋት እህቱ ቫሲቲ ቀኝ እግሯን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ጋቢናው ውስጥ ተቀምጣለች። የስኳር ሕመምተኛ ናት። ጣቷን የወጋት እሾህ አመርቅዞ እብጠቱ ቁርጭምጭሚቷን አልፏል። የመንደሩ ነርስ ጨርቁን ገልጣ ባየች ጊዜ ፊቷ ተለዋወጠ። እስከ ቀትር ሆስፒታል ካልደረሰች እግሩ ይቆረጣል፣ ከዚያም ከቆየ ነፍሷ አይተርፍም ብላ አስጠነቀቀቻቸው። ቫሲቲ በመስኮቱ በኩል፣ ባሏ ፔናያ መሃል፣ ሳኪዩሳ መሪው ላይ ሆነው ጉዞ ጀመሩ።

በዚያ አገር ወንድምና እህት ካደጉ በኋላ ቃል አይለዋወጡም። ጠብ አይደለም፣ ክብር ነው። ቫሲቲ ውሃ ሲጠማት ለባሏ ትነግራለች፣ ባሏ ለወንድሟ ያደርሳል፤ ሦስቱም አንድ ወንበር ላይ ተጣብበው ሳለ እንኳ። አማቾች በአንጻሩ ስድብ መብታቸው ነው። "ታቫሌ" ይባባላሉ፣ ያሻቸውን ይወራረፋሉ፤ በነገሩ የተቀየመ ካለ የሚታማው እሱ ነው።

ወንዙን ሲሻገሩ ውሃው የጎማውን ግማሽ መታ። ላይኛው ተራራ ላይ ዝናቡ አላቆመም፤ ወንዙም እየደፈረሰ ነበር። ከመሻገሪያው ቀጥሎ ቀዩ የሸክላ ዳገት ይጀምራል፤ አራቱም ጎማ ካልገፋ የሚወጣ አይደለም። ሳኪዩሳ መኪናዋን አቁሞ አራቱን ጎማ የሚያስገፋውን ቁልፍ አዞረ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት በርታ መቆም ሲገባት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች።

ፔናያ ጎንበስ ብሎ አያት። "ታቫሌ፣ እየጠቀሰችህ ነው እኮ። በዚህ ዕድሜህ የጠቀሰችህ እሷ ብቻ ናት።"

ሳኪዩሳ ሌላ ቀን ቢሆን የስድብ ባለ ዕዳ ሆኖ አያድርም ነበር። አሁን ግን በሩን ከፍቶ ወረደ።

ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀለ አያቸው፤ ደህና ናቸው። ጭቃው ውስጥ ተንጋሎ ከመኪናዋ ሥር ገባና ውሃ የነካውን የሽቦ ማያያዣ ፈትቶ በሸሚዙ ጫፍ አደረቀው። ተመልሶ ሞተሩን አጠፋ፣ አስነሳ፣ ማርሹን ነጻ አውጥቶ ቁልፉን እንደገና አዞረ። መኪናዋን ትንሽ ወደ ኋላ አንከባለላት፣ መሪውንም አቀና። መብራቷ መጥቀሷን አልተወችም። በንዴት ዳገቱን በሁለት ጎማ ሞከረው፤ የኋላው ጎማ ጭቃ እየተፋ ጥቂት ወጣና ተንሸራቶ ውሃው አፍ ላይ መለሳቸው። ቫሲቲ ጥርሷን ነክሳ አቃሰተች።

ፔናያ ሽቅብና ቁልቁል እያየ መቀለዱን ቀጠለ። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ሲፈራ አፉ አያርፍም። መኪናዋም እንደ ባለቤቷ ዳገት ስታይ ቡና ልጠጣ ትላለች አለ። ሳኪዩሳ ዳግም መኪናዋ ሥር ገብቶ ነበርና ሰማው፤ የብሎን መፍቻውን በእጁ ጨመቀው።

የመኪናዋን በሽታ ምክንያት ያውቀዋል። ሥቃዩም እሱ ነበር። ከዐሥር ቀን በፊት ፔናያ መጥቶ ለአጎቱ ለቅሶ ዕቃ የሚያመላልስበት ጎማ ለምኖት ነበር። ሳኪዩሳም የፊቱን ቀኝ ጎማና መጠባበቂያውን ስኮርታ፣ ሁለቱንም አዳዲሶቹን፣ ፈትቶ ሰጠው። ፔናያ በምትኩ ከራሱ መኪና ያወለቃቸውን ሁለት ያረጁ ጎማዎች ተወለት፤ ቁመታቸው አነስ ይላል። በደረቅ መንገድ ምንም አልነበረም። ፊትና ኋላ እኩል ሳይዞሩ ግን አራቱን ጎማ የሚያስገፋው ማሽን አላያይዝም ይላል። ሳኪዩሳ ይህን ከትናንት በስቲያ አውቆታል። ያን ቀን ቫሲቲንና ባሏን አሳፍሮ እዚሁ ዳገት ሥር ደርሶ መብራቷ ስትጠቅስ፣ ለፔናያ "ዝናቡ ያባራ" ብሎ መልሷቸው ነበር። ጎማዬን መልስልኝ ማለት ሞት መስሎ ታየው። አሁንም ጎማው ነው ካለ፣ ሚስትህን የምትገድላት አንተ ነህ ማለቱ ነው። ስለዚህ ደህና ሽቦ ይፈታል፣ ደህና ሽቦ ይገጥማል።

ውሃው ከኋላ ጎማው ጋር ደረሰ።

"ሳኪ።"

እጁ ባለበት ቀረ። በዚህ ስም ለመጨረሻ ጊዜ ስትጠራው ሁለቱም ልጆች ነበሩ። ቫሲቲ በሩን ከፍታ፣ ላብ በላብ ሆና፣ ቁልቁል እያየችው ነበር።

"ጎማው ነው" አለች። "አንተም ታውቀዋለህ። ያን ቀንም ታውቅ ነበር፤ ወርደህ ያችን ጎማ ስታያት አይቼሃለሁ። በይሉኝታ እግሬን አታስቆርጠኝ።"

ፔናያ ዞር አለ። ሚስቱንም አማቹንም አየ፤ ከዚያ ያችን ትንሽ ጎማ አየ። ደሙ ከፊቱ ሲሸሽ ይታይ ነበር። "ለምን አልነገርከኝም?" አለ ቀስ ብሎ። ሳኪዩሳ ከመኪናዋ ሥር ተንፏቆ ወጣ።

ነገሩ ከተነገረ በኋላ መላው ለመምጣት የወሰደው ጥቂት ነው። እንዲህ ነው፤ የተደበቀ ነገር ሐሳብንም አብሮ ይደብቃል። የፊቱን ጎማ ማስረዘም ካልተቻለ የኋላውን ማሳጠር ይቻላል። ስኮርታው ያው ሌላኛው ትንሽ ጎማ ነው፤ የኋላው ቀኝ ላይ ቢታሰር ፊትና ኋላ ይተካከላሉ። ክሪኩ ጭቃው ውስጥ እየሰመጠ አስቸገረ። ፔናያ ከወንዙ ጠፍጣፋ ድንጋይ አቅፎ አምጥቶ ከሥሩ አነጠፈ፤ ውሃው ጉልበቱ ላይ እየደረሰ መኪናዋን በትከሻው ደገፋት። አንድ ብሎን ከሳኪዩሳ እጅ አምልጦ ውሃ በላው፤ በቀሩት አጠበቁት። ማናቸውም አልቀለዱም።

መኪናዋ ወደ ቀኝ ዘመመች። ሳኪዩሳ ጥቂት ወደ ፊት፣ ጥቂት ወደ ኋላ ነዳትና ቁልፉን አዞረ። መብራቷ ጠቀሰች፤ እንደገና ጠቀሰች።  ከሥር ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማና በርታ ቆመች። ዳገቱን ሲወጡ ፔናያ ሚስቱን አቅፎ አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ ሳኪዩሳ ከመንገዱ ዓይኑን አልነቀለም።

ሆስፒታል የገቡት ቀትር ሳይሆን ነው። አመሻሹ ላይ ወጣቷ ሐኪም ወጥታ እግሩ እንደተረፈ፣ ሁለት ጣት ግን እንደተቆረጠ ነገረቻቸው። ቀጥላም፣ ሥራዋ ነውና፣ ከትናንት በስቲያ አምጥታችኋት ቢሆን ጣቶቹም ይተርፉ ነበር አለች። ፔናያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሳኪዩሳ ቃሏን ሙሉውን ቆሞ ተቀበለ፤ ጥፋቱ የራሱ መሆኑን ያውቃል።

ወደ ክፍሏ ሲገቡ ቫሲቲ ነቅታለች። ወንድሟን አላየችውም፤ እንደ ወጉ ፊቷን ለባሏ ሰጥታ፣ "ለወንድሜ እግሬ አለ በለው" አለች።

ፔናያ ወደ አማቹ ዞረ። "እግሬ አለ ትልሃለች" አለ።

ሳኪዩሳ መልሱን ለፔናያ መስጠት ነበረበት። አልጋው ግርጌ ላይ ጭቃው በሸሚዙ ላይ እንደ ደረቀ ቆሞ፣ እሷኑ እያየ፣ "ሰምቻለሁ፣ ቫሲቲ" አለ። "ይቅር በይኝ።"