የጉማራ ደሴት ሰንበሌጥ

የደረቀ ሰንበሌጥ ሽታ ዛሬም የጉማራ ድልድይ ላይ ያቆመኛል። ከታች ያለችው ትንሽ ደሴት ዳሯ ቄጤማ፣ መሐሏ ሰንበሌጥ ነው። አሁን ጥብቅ ስፍራ ተብላለች፤ ታፔላም ተተክሎላታል።

ልጅ ሳለሁ ታፔላዋ አክስቴ ነበረች። ጥቅምት ገብቶም ዝናቡ አልቆም ሲል፣ ታናሽ ወንድሟ አባቴ ማጭዱን ይዞ ሊሻገር ተነሣ።

«እታለም፣ ቤትሽ ወንፊት ሆኗል። ሰንበሌጥ አጭጄ ልክደንልሽ።»

መሻገሪያው ላይ ቆመችበት።

«ዘሩ ሳይረግፍ አይነካም። ዛሬ ለኔ ካጨድክ ነገ አገሩ ሁሉ ያጭዳል። ለከርሞ በምን ልንከድን ነው?»

«እስከዚያ የት ልትተኚ?»

«ከማያፈስበት።»

ደሴቷን ያቆያት ሕጉ ነው ይሉኛል። እኔ የማውቀው ግን አክስቴ ያን ወር ሙሉ አልጋዋን ከጥግ ወደ ጥግ ስትጎትት መክረሟን ነው።