ሹሙን ያስለቀሰው እንጉርጉሮ

ጣሊያን አያለቅስም ትላላችሁ። እኔ ግን ሲያለቅስ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያስለቀስሁትም እኔው ነኝ።

በጠላት ጊዜ ነው። ባሕር ዳር የሰፈሩት ወታደሮች ድንጋይ ይጎትትልናል ብለው፣ ቦራ የምለውን በሬዬን ከደጄ ፈትተው ወሰዱብኝ። ክረምቱ ገብቷል፤ በአንድ በሬ ደግሞ አይታረስም። በአገራችን የተበደለ ሰው ከሹም ደጅ ቆሞ ይጮኻልና፣ እኔም ከሰፈራቸው በር ቆሜ ሙሉ ቀን «አቤት!» አልሁ። የሚሰማኝ ሳጣ ሆድ ባሰኝና ማንጎራጎር ጀመርሁ፦

«ቦራ ተወሰደ፣ ቀንበሩ ጋደለ፤
እኔስ በምን ልረስ፣ በሬዬ ከሌለ?»

ይኸኔ የጣሊያኖቹ ሹም ብቅ አለ። ደንግጬ ዝም ብል በእጁ «ቀጥል» አለኝ። ደጋገምሁት። መሐረቡን አወጣ፤ እንባው ጢሙን አራሰው። እንዲህ ያለውን ርኅሩኅ ሰው በከንቱ ስንራገመው ከረምን ብዬ አፈርሁ።

አስተርጓሚውን ጠርቶ አንድ ነገር ጠየቀው። አስተርጓሚው የእኛው አገር ሰው ነው፤ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ምን ሆነህ ነው እንዲህ የምታንጎራጉረው ይሉሃል» አለኝ።

«በሬዬን ወስደውብኝ ነዋ! ጓደኛው ብቻውን ቀርቷል» አልሁ።

ሹሙ ይህን ሲሰማ ደረቱን ይዞ ብዙ ተናገረ። እኔም ቦራን የምስብበትን ገመድ ከትከሻዬ አወረድሁ።

«ምን አሉ?»

አስተርጓሚው አቀረቀረ።

«በአንድ በሬ እንዲህ ካንጎራጎረ፣ ሁለተኛውንም ውሰዱበት ብለዋል።»