አሸዋ ልናጥብ ብላክ ሂልስ ድረስ

ዓርብ፣ ንጋት 11 ሰዓት፤ ሆፕኪንስ፣ ሚኒሶታ

ልጄ በረከት ቫኑን አስነስቶ በር ላይ ሲጠብቀኝ ገና አልነጋም። የፊቱን በር ስከፍት ከኋላ ወንበር፣ "እንዴት አደርሽ፣ እትዬ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ክው አልኩ። የሟቹ ባለቤቴ እህት ዘነበች ናት። በረከት ለእኔ ሳይነግረኝ ኩን ራፒድስ ካለው ቤቷ አንስቷት መጥቷል። ከጎኗ የዘጠኝ ዓመቷ ልጁ ሶልያና ተኝታለች።

"ቁልፍ ረሳሁ" ብዬ ወደ ቤት ተመለስኩ። ለፋሲካና ለሠርግ ብቻ የማወጣውን ቀለበቴን አጥልቄ መጣሁ። ዘነበች ትየው ብዬ ነው።

ነገሩን የማያውቅ ካለ ልንገረው። ቀለበቱ ላይ ያለው ኦፓል የሚሉት የከበረ ድንጋይ ባለቤቴ ከወሎ ያመጣልኝ ነው፤ አረንጓዴና ቀይ እሳት ይጫወትበታል። እሱ ከሞተ በኋላ፣ የዛሬ አሥር ዓመት፣ ለኦፕሬሽን ስገባ ዘነበች እንድታስቀምጥልኝ ሰጠኋት። ስወጣ ያስረከበችኝ ቀለበት ላይ ያለው የጠርሙስ ስባሪ የመሰለ ድንጋይ ነበር። "እንዲጠራልሽ ብዬ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ዘፈዘፍኩት እንጂ ምንም አላደረግኩትም" ብላ ማለች። ቀለበቱን ወረወርኩባት። በሳምንቱ ቀለበቱን ከነእሳቱ በበረከት እጅ ላከችው። እኔም፣ ስነቃባት ደንግጣ እውነተኛውን መለሰች አልኩ። ማኅበር ላይ በሰው ሁሉ ፊት ሌባ ናት አልኩ። እሷም ከማኅበሩ ቀረች።

ከቀኑ 6 ሰዓት፤ ደቡብ ዳኮታ

መንገዱ ቀጥ ያለ ነው። በቆሎ፣ ሰማይ፣ የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ ደግሞ በቆሎ። ነዳጅ ልንቀዳ ቆምን። ሱቁ ውስጥ ለጾመኛ የሚሆን የድንች ጥብስና ለውዝ ብቻ ነው ያለው። ዘነበች አልጫ ድንች በእንጀራ ጠቅልላ አምጥታለች።

"እትዬ፣ ብዪ እንጂ።"

"በልቻለሁ።"

"መቼ? ከጠዋት ጀምሮ አፍሽን ስትከፍቺ አላየሁም።"

በረከት ሳቀ። እኔ ለውዝ ገዛሁ።

ቅዳሜ ጠዋት 4 ሰዓት፤ ብላክ ሂልስ ተራራ ላይ

በረከት "የከበረ ድንጋይ ማዕድን ማውጫ፣ ለቤተሰብ" ሲለኝ ጉድጓድና አካፋ ነበር የጠበቅኩት። ያገኘሁት በጥድ ዛፎች መካከል የተዘረጋ ረጅም የእንጨት ገንዳ ነው፤ ቀዝቃዛ ውሃ ይወርድበታል። አንድ ከረጢት አሸዋ ሃያ ስምንት ዶላር። ድንጋዮቹን ባለ ቦታዎቹ ራሳቸው አሸዋው ውስጥ ቀብረው ይሸጡልሃል፤ አንተ በወንፊት አጥበህ "አገኘሁ!" እያልክ ትጮሃለህ። አፌን ያዝኩ።

"ወሎ ውስጥ ሰው ገደል ገብቶ ነው የሚቆፍረው" አልኩ።

"እዚህ ደግሞ ቀብረው ነው የሚያስቆፍሩን" አለች ዘነበች። "እኛ አገር ቢሰሙ እኮ ጠበል የሚወስዱን ይመስለኛል።"

ልስቅ ነበር፤ ዋጥኩት። ሶልያና ግን ደስ ብሏታል። እሷን ብዬ አንድ ሰዓት ያህል እጄን ውሃው ውስጥ ነክሬ አሸዋ አጠብኩ።

"ግራንድማ፣ ቀለበትሽ ምን ሆነ?" አለችኝ በእንግሊዝኛዋ።

አየሁት። እሳቱ የለም። ያ የጠርሙስ ስባሪ ጣቴ ላይ ተቀምጧል።

መጀመሪያ ያየሁት፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ዘነበችን ነው። ከእኔ ርቃ ከገንዳው ጫፍ ቆማለች፤ ሁለቱም እጇ አሸዋ ውስጥ ነው። ቀለበቱ ደግሞ እንኳን ሊለወጥ፣ ጣቴ ስላበጠ ያለ ሳሙና አይወጣም። አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ።

ድንጋይ የምትለየዋ አሮጊት ፈረንጅ ማጉያ መነጽሯን ይዛ መጣች። "ከኢትዮጵያ ነው አይደል?" አለችኝ። "አትደንግጪ። ይህ ኦፓል ውሃ ይጠጣል። ሲጠጣ ቀለሙ ይጠፋል፤ በጥቂት ቀን ውስጥ ሲደርቅ ይመለሳል።"

በረከት ሊተረጉምልኝ ጀመረ።

"ሰምቻለሁ" አልኩት።

ዘነበች እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች። ቀለበቱን እንጂ ፊቴን አላየችም። "ያኔ ያበድኩ መስሎኝ ነበር" አለች። "ለማርያም ተሳልኩ። ቀለሙ ሲመለስ ተአምር ነው ብዬ ላኩልሽ።"

ከዚያ በኋላ ስለጎበኘነው ሁሉ ብጠየቅ አላስታውስም።

እሁድ፤ ወደ ቤት

በንጋት ስንነሣ ሶልያናን ከፊት አስቀምጬ እኔ ከኋላ ገባሁ። በረከት በመስታወቱ አየንና ሬዲዮ ከፈተ። ደቡብ ዳኮታን አቋረጥን። ሚኒሶታ ስንገባ፣

"ዘነበች፣ በድዬሻለሁ" አልኳት።

"ለእኔ ነው የምትነግሪው?" አለች፤ ድምፅዋ ከፍ አላለም። "እኔማ አለመውሰዴን አውቃለሁ።"

"እና ምን ላድርግ?"

"በሰው ፊት አይደል የሰደብሽኝ? አሥር ዓመት ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አጠገቤ ሲቀመጡ ቦርሳቸውን ወደ ሌላ ጎን ያዞራሉ፣ እትዬ።"

ይህን አላውቅም ነበር።

ኩን ራፒድስ ስንደርስ መሽቷል። ዘነበች ሶልያናን ሳመች፤ እኔን በእጇ ሰላም ብላ ገባች። ሆፕኪንስ ገብቼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ይህን ለመጻፍ ተቀመጥኩ። ከዘነበች ጋር ሌላም ቂም አለኝ፤ እሱን ለራሴ አቆየዋለሁ። ይህኛው ግን የእናንተም ነው፤ ያን ቀን ማኅበር ላይ የነበራችሁ ይህን ጋዜጣ ታነባላችሁ። ዘነበች ሌባ አይደለችም። ሌባ ናት ያልኳችሁ እኔ ነኝ፤ አንዲት ጥያቄ ሳትጠይቁ ያመናችሁኝ ግን እናንተ ናችሁ።