ሐይቁን የዞረ ፖስታ

ረቡዕ፣ ንጋት 11፡20፣ ጎርጎራ

ከቤት ስወጣ ሐይቁ ገና ከሰማዩ አልተለየም። ወደቡ ላይ ሦስት ጀልባዎች ታስረዋል፤ የሁለቱን ሞተር የጠገንሁት እኔ ነኝ። የጎንደሩ ሚኒባስ በሩ ላይ አሥራ ሁለት ሰው ይጭናል የሚል ተጽፎበታል። ስንነሣ አሥራ ሰባት ነበርን፤ ሁለት ጊዜ ቆጥሬአለሁ።

በደረት ኪሴ አንድ ቡናማ ፖስታ አለ። ፊቱ ላይ «በእጅ የሚደርስ» ይላል። ጀርባው ላይ ክብ ማኅተም ተመትቶበታል፤ ግማሹ ክዳኑ ላይ፣ ግማሹ አካሉ ላይ፣ ከተከፈተ እንዲታወቅ። የተጻፈው ስለ እኔ ነው። ምን እንደሚል ግን አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጀልባ ማኅበሩ አንድ የሞተር ጠጋኝ ሊቀጥር ነው፤ ምርጫው ቅዳሜ ነው። ስምንት ዓመት ሞተር ስፈታና ስገጥም ኖሬአለሁ፤ ያስተማሩኝ ተበላሽተው የተጣሉ ሞተሮች ናቸው። ማኅበሩ ግን የብቃት ማረጋገጫ ይፈልጋል። እሱን የሚሰጠው ባሕር ዳር ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ያለ ወረዳ ደብዳቤ ሰው አያነጋግርም። ሌላው አመልካች ማረጋገጫው በእጁ ነው። ለእኔ ደብዳቤውን የጻፈልኝ የወረዳ ሠራተኛ የዚያ ሰው የአክስት ልጅ ነው። ፖስታውን ሲሰጠኝ ከልኩ በላይ ፈገግ ብሏል።

ረፋድ 3፡30፣ እንፍራንዝ

ጎንደር ላይ መኪና ቀየርሁ። ከጎኔ የተቀመጡት መሪጌታ በሐይቁ ላይ ካሉት ደሴቶች በአንዱ ቅኔ ያስተምራሉ። የቤተ ክርስቲያናቸው ጣሪያ ያፈስሳል። የማደሻ ፈቃድ ፍለጋ ባሕር ዳር ሲሄዱ ይህ አምስተኛቸው ነው።

እንፍራንዝ ላይ ለፍተሻ ወረድን። መታወቂያዬን ያየው ጠባቂ ፖስታውን አገላብጦ አውራ ጣቱን ክዳኑ ሥር አስገባ።

«ምን ይላል?»

«አላውቅም።»

«የራስህን ወረቀት አታውቅም?»

ተሳፋሪው ሳቀ። ከተከፈተ እንደማይሠራ ነገርሁት። አላመነኝም፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን አላምንም ነበር። መሪጌታ ነጠላቸውን አስተካክለው ጠጋ አሉ።

«ይቅር ይበለኝና፣ ይሄ ልጅ የያዘው እንደ ታቦት ነው። ይሸከመዋል እንጂ አያየውም።»

ጠባቂው ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ያዘና ፖስታውን መለሰልኝ። ክዳኑን አየሁት፤ ጥጉ ላይ ትንሽ ተነሥቷል።

ረፋድ 4፡35፣ አዲስ ዘመን

ሻይ ቤት ቆምን። ሾፌራችን እንዲህ ያለ ፖስታ በሻይ እንፋሎት ተከፍቶ ተመልሶ እንደሚጣበቅ፣ ማኅተሙም ፍንክች እንደማይል አስረዳኝ። በተግባር እንደሚያውቀው ያስታውቃል። ብርጭቆው ፊቴ ይጨሳል፤ ፖስታው እጄ ላይ ነው። ክፉ ከተጻፈብኝ እዚሁ አውቄ ብመለስ ይሻላል። መልካም ከተጻፈልኝ ደግሞ በመክፈቴ አበላሸሁት ማለት ነው።

መሪጌታ አዩኝ፤ አትክፈት አላሉኝም፤ ክፈትም አላሉኝም። ስለ ቅኔ ቤት አወሩኝ። እዚያ አዋቂ ነኝ የሚል ሰው ደብዳቤ አይጠየቅም አሉ።

«መምህሩ በጉባኤው ፊት ‹ንገር› ይሉሃል። ትነግራለህ፣ ወይ ታፍራለህ። አለቀ።»

«የመምህሩ ዘመድ ቢሆንስ?» አልኋቸው።

«እሱማ እዚያም አለ» አሉና ሻያቸውን ጠጡ።

ፖስታውን ሳልከፍት ኪሴ መለስሁት። ሻዬ ቀዝቅዞ ነበር።

ረቡዕ፣ ከሰዓት 8፡40፣ ባሕር ዳር

በወረታ የሩዝ ማሳ ለማሳ መጥተን ምሳ ሰዓት ላይ ገባን። ሐይቁ ዳር የተጠበሰ ቀረሶ ዓሣ አዘዝሁ፤ ግማሹን ተውሁት።

የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጽፍም። ኮሪደሩ ላይ አራት አግዳሚ ወንበር አለ፤ አንዱ እግሩ ተሰብሮ በድንጋይ ተደግፏል። መዝገብ ቤት የተቀመጡት ወይዘሮ አስካለ በእናቴ ዕድሜ ናቸው። ፖስታውን በማስመሪያ ቀደዱት። ዓይናቸው መጀመሪያ የሄደው ወደ ጽሑፉ አይደለም፤ ወደ ወረቀቱ ቀኝ ጫፍ ነው።

«ቁጥር የለውም።»

ደብዳቤውን አዙረው አሳዩኝ። ሦስት መስመር ነው፤ ስለ ሥራዬ ጥሩ ይላል፣ ፊርማም ማኅተምም አለው። «ቁጥር» ከሚለው ፊት ለፊት ግን ባዶ ነው። የደብዳቤ ቁጥር ከሌለው መዝገብ አይገባም፤ መዝገብ ካልገባ ፈታኙ አያየኝም።

ለወረዳው እንዲደውሉልኝ ለመንሁ። በስልክ የመጣ ቁጥር እንደማይጻፍ ነገሩኝ። «ሞተር ስጡኝና ዛሬውኑ ፈትኑኝ» አልሁ። ይህን የምናገረው ሰው እኔ መሆኔ ገረመኝ፤ ድምፄን ከፍ የማድረግ ልማድ የለኝም።

እሳቸው ግን አልተቆጡም፤ ምክንያቱን ነገሩኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሰው ቁጥር በሌለው ደብዳቤ ፈቃድ አውጥቶ ነበር። ደብዳቤው የሐሰት ነበር። የጠገነው ሞተር ማዕበል በተነሣበት ቀን ሐይቅ መሀል ቆመ። ስንት ሰው እንደነበረ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ከመሬት የተነሣ ደንብ ነው ብዬ ነበር፤ ከውኃ የተነሣ ሆኖ አገኘሁት።

ከዚያ ያልጠበቅሁትን አደረጉ። ቁጥሩ እንዲሞላ ለወረዳው ደብዳቤ አስጻፉልኝ፤ ለማኅበሩም ግልባጭ። ማመልከቻዬ በሂደት ላይ መሆኑን ካወቀ ማኅበሩ እኔን ሳያይ መምረጥ አይችልም አሉኝ። ሁለቱም ተፈረሙ፣ ማኅተም ተመታባቸው፣ ታጥፈው ፖስታ ገቡ። ወይዘሮ አስካለ ሙጫውን አነሡ።

«እትዬ፣ ከመታሸጉ በፊት ልየው።»

«ለአድራሹ አይታይም።»

«ጽሑፉን አይደለም። ቀኝ ጫፉን ብቻ።»

ትክ ብለው አዩኝ። በሁለት ጣታቸው ወረቀቱን ከፖስታው ወደ ላይ ሳብ አደረጉት። «ቁጥር» ይላል፤ ከዚያ ባዶ። ቀኑም የለም። ግልባጩን አወጡ፤ እሱም እንደዚያው።

ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሌላ ሠራተኛ ወደ መስኮቱ ዞረ። ወይዘሮ አስካለ ብዕራቸውን አንሥተው በሁለቱም ላይ ጻፉ፤ መዝገቡ ላይም ጻፉ። እጃቸው ቀስ ብሎ ነበር የሚሄደው።

«አንተን ማን ነው የላከብኝ?» አሉ ሳያዩኝ።

ሐሙስ፣ ከሰዓት 9፡15፣ ጎርጎራ

በነጋታው በዚያው መንገድ ተመለስሁ። መሪጌታ ባሕር ዳር ቀርተዋል፤ «ነገ ተመለሱ» ተብለዋል።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ታከለ ግልባጩን መረብ በሚጠገንበት ጥላ ሥር አነበቡት። ቁጥሩን በጣታቸው ተከተሉት። «እንዲህ ከሆነ ቅዳሜ አንመርጥም። እስክትፈተን እንጠብቃለን» አሉ። ዓይናቸው ደስ አላለውም፤ ወረቀቱ ግን ያዛቸው።

ከዚያ ሌላውን ደብዳቤና ቁጥር የጎደለውን የመጀመሪያውን ይዤ ወደ ወረዳው ሠራተኛ ሄድሁ። ያንኑ ፈገግታ ፈገግ አለ። የወጪ ደብዳቤ መዝገቡን ገለጠ። የእኔ ደብዳቤ ቁጥር እዚያ አለ፤ በራሱ እጅ፣ በቀይ ብዕር ተጽፏል። ከመዝገቡ ወደ ደብዳቤው ነው ያልተሻገረው። ረስቶት ይሁን ሆን ብሎ እስካሁን አላውቅም፤ ፊቱን ብዙ አየሁት፣ ፊቱ ላይ አልተጻፈም።

ቁጥሩን ሞላው። አዲስ ፖስታ አወጣ፣ ወረቀቱን ከተተው፣ ሙጫውን ክዳኑ ላይ ሊያደርግ ሲል እጄን ፖስታው ላይ አኖርሁ።

«ንገር» አልሁት።

«ምኑን?»

«ቁጥሩን።»

ወረቀቱን መልሶ አወጣና ቁጥሩን ጮክ ብሎ አነበበ። እኔ መዝገቡ ላይ ጣቴን አድርጌ ተከተልሁት። ፈገግታው ጠፍቷል። ሲጨርስ ቀኑንም አስነበብሁት።

«አሁን አሽገው» አልሁ።