የቬንደሊን አረማመድ

ድራሆሚራ በአንዲት የሞራቪያ ከተማ በቁጡነቷ የታወቀች ሴት ናት። ከትምህርት ቤቱ ምግብ ቤት ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ጭልፋ በያዘችበት ማንም ቀልዶ አያውቅም። ቁጣው ግን አብሯት አልተወለደም፤ ያመጣባት ፊልም ነው።

አባቷ ቬንደሊን ባቡር ሲመጣ መንገዱን የሚዘጋ የማቋረጫ ጠባቂ ነበር። በጎልማሳነቱ፣ ሁለት ፉርጎዎች ሊጨፈልቁት የነበረ የሥራ ጓደኛውን ገፍትሮ ሲያድን የራሱ እግር ተያዘበት። ከዚያ ወዲህ ሲራመድ እግሩን እንደ ማጭድ ወደ ጎን እያዞረ፣ ትከሻውን ከፍ ዝቅ እያደረገ ነው። ድራሆሚራ ተማሪ ሳለች ፊልም ሠሪዎች ወደ ከተማዋ መጡና ያሮሚር ሆሊንስኪ የሚባል ቀጭን ተዋናይ እነሱ ቤት ክፍል ተከራየ። መሪ ተዋናይ ሆኖ አያውቅም፤ የእሱ ድርሻ ሰካራም፣ ፖስተኛ፣ ሎሌ መሆን ነው። በጋውን ሙሉ እናቷ በፕሪም ሞልታ የምትቀቅለውን ሊጥ ሲያጣጥም ከረመ።

ፊልሙ ሲወጣ ከተማው ነቅሎ ሲኒማ ቤት ገባ። ሆሊንስኪ የማቋረጫ ጠባቂ ሆኗል። የአባቷን አረማመድ አንድም ሳያስቀር እየተራመደ መንገዱን ሊዘጋ ሲሯሯጥ ባቡሩ ጥሎት ያልፋል። «መጣሁ፣ መጣሁ! ባቡሩ ይጠብቀኝ!» ሲል ሰው በሳቅ ፈረሰ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የቬንደሊን ስም ጠፋ። ቢራ ቤት ሲገባ «መጣሁ፣ መጣሁ!»፤ ዳቦ ሊገዛ ሲሰለፍ «ባቡሩ ይጠብቀው!»። እሱ ፈገግ ብሎ ቆቡን ያነሳል። ይኼ ፈገግታ ነበር ድራሆሚራን የሚያበግናት። ስለ አባቷ ብላ የአንድ ልጅ ጥርስ በቡጢ አውልቃለች። ፊልሙ በየገናው በቴሌቪዥን ይታያል፤ በየገናውም ቴሌቪዥኑን ታጠፋለች። አባቷ ሲቀበር እንኳ ከኋላዋ አንዱ ያንን ቃል ሲያንሾካሹክ ሰምታለች።

እንግዲህ ከንቲባው የሆሊንስኪን ፊልሞች በተከታታይ ሊያሳይ፣ ያረጀውንም ተዋናይ ሊጋብዝ ነው ሲባል ጎረቤቷ ቭላስታ በአጥሩ በኩል ብቅ አለች።

«ድራሁሽ፣ ይቅርብሽ አትሂጂ። ደምሽን ከማፍላት ሌላ ምን ታተርፊያለሽ?»

«እሄዳለሁ! እናቴ ያጎረሰችውን አፍ ማየት እፈልጋለሁ።»

«ያኔ እኮ ሁላችንም ስቀናል።»

«አንቺም ስቀሻል። አልረሳሁትም።»

የባህል አዳራሹ ጢም ብሏል፤ ቋሊማና ቢራ ይሸታል። ከፊልሞቹ ቁርጥራጭ ከታየ በኋላ ከንቲባው «አቶ ሆሊንስኪ፣ እባክዎ ያቺን አረማመድ አንዴ!» አለ። ሽማግሌው ከዘራውን አስቀመጠ፣ ጥቂት አመነታ፣ ከዚያ ተራመደ።

አባቷ መድረኩን አቋርጦ አለፈ። ትከሻው፣ እግሩን ከማዞሩ በፊት ከንፈሩን የሚነክሳት ነገር፣ ሁሉም የእሱ ነው። አዳራሹ ግን «ባቡሩ ይጠብቀኝ!» ብሎ ተንጫጫ።

«ዝም በሉ!» ብላ ተነሳች። «ያ እግር የማን እንደሆነ ታውቃላችሁ! ሰው ሲያድን ነው የተሰበረው! እርስዎም ቤታችን በልተው ጠጥተው፣ አባቴን ሰርቀው ሄዱ!»

«እመቤቴ፣ ዛሬ እኮ የደስታ ቀን ነው...» አለ ከንቲባው።

«አንተ ቁጭ በል! ምስር አልበላም ብለህ ስታለቅስ አውቅሃለሁ።»

ሽማግሌው ወደ መድረኩ ጠርዝ ቀረበ። «የቬንደሊን ልጅ ነሽ። አልሰረቅሁም፤ ራሱ ነው ያስተማረኝ። ጓሯችሁ፣ ከጥንቸሎቹ ጎጆ አጠገብ። 'ትከሻህ ይዋሻል' እያለ ያርመኝ ነበር።»

«ሊሳቅበት?»

«የለም። ጠባቂው ጓደኛውን ሲያድን የሚያሳይ ትዕይንት ነበረ። ቀርጸነዋል። አዘጋጆቹ ፊልሙን አሳዛኝ ያደርገዋል ብለው ቆርጠው ጣሉት። እግሩ ብቻ ቀረ።»

«ይህንን ለእሱ ነገርከው?» እርስዎነቱ እዚያው ላይ ቀረ።

«አልነገርኩትም። ሰው ወደደኝ፤ ከዚያ በኋላ ሥራ ጠፍቶብኝ አያውቅም። እሱን ግን ማየት አፈርኩ።»

እጁን ዘረጋላት። አልተቀበለችውም።

«እጅህ ምን ያደርግልኛል? የተቆረጠውን ለእነዚህ ንገራቸው። አሁን!»

ነገራቸው። ድምፁ እየተሰበረ፣ መሃል ላይ እየረሳ፣ ወደ ኋላ እየተመለሰ። የሳቀ የለም። ሲጨርስ ጥቂት ሰዎች አጨበጨቡ።

«ምኑ ነው የሚጨበጨብለት?» ብላ ወጣች።

በማግስቱ ቭላስታ የፖም ኬክ ይዛ መጣች። ድራሆሚራ ኬኩን ተቀበለች፤ ግቢ ግን አላለቻትም። ከዚያ መኮትኮቻዋን ይዛ መቃብር ሄደች። በዚያች ከተማ ያልተቆጣችው ሰው አንድ አባቷ ብቻ ነበር፤ የእሱም ተራ ደረሰ።

«አንተ ሰውዬ!» አለች፣ አረሙን ከነሥሩ እየነቀለች። «ራስህ እንዳስተማርከው ለእኔ እንኳ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? ያን ሁሉ ዘመን ስደባደብልህ ዝም ብለህ ታያለህ?»

አጠገቧ አበባ የሚያጠጡት አሮጊት ያልሰሙ መስለው ፊታቸውን አዞሩ። እሷ ግን ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም።